ስለ ማቆም የማያስተምር ትምህርት፦ በኤሌክትሪክ ስለሚለቀቅ የሞተር ፍሬን አተካከል ሥልጠና የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ጠዳ ይደርሳል። በጠዳም ሆነ በአካባቢው ባሉት የደጋ ከተሞች አብዛኛው ሕዝብ የኤሌክትሪክ ሞተርን የሚያውቀው በወፍጮ ቤት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ የወፍጮው ድንጋይ በያዘው ፍጥነት ጥቂት ይሽከረከርና ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ይቆማል። አስፈጪዎቹም ተራቸውን ይዘው መብራቱ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። የጠፋ ነገር ቢኖር ጊዜ ብቻ ነው።

ወጣቱ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሲገባ ይህን ልምድ ይዞ ይገባል። ይኸውም ኃይል የተቋረጠበት ሞተር በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ከቆመም በኋላ ባለበት ይቀመጣል የሚል ነው። ሸክም በገመድ አንጠልጥሎ ለሚያወጣ ሞተር ግን ይህ እምነት አያገለግልም። እንዲህ ያለው ሞተር ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት የሚይዘው ነገር ካላገኘ ሸክሙ ወደ ታች እየጎተተ ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ይህን ለመከላከል በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚተከለው መሣሪያ በኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ፍሬን ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ፍሬን አተካከል የሚሰጠውን ትምህርት ይመረምራል። ዋና አሳቡ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ትምህርታችን ሞተርን ማስነሣት አጥብቆ ሲያስተምር ማቆምን ችላ ብሏል፤ በዚህም ምክንያት ሠልጣኙ ፍሬኑን መግጠም ቢችል እንኳ ምንነቱን ሳይረዳ ይቀራል የሚል ነው። ሂሱ የሚጀምረው ከአቅራቢው የራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ ሌላውን ለመንቀፍ የተጻፈ አለመሆኑን አንባቢ እንደሚረዳው ይታመናል።

1. ለሂሱ መነሻ የሆነው ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሠልጣኞቹን ለትብብር ሥልጠና በጠዳ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ይዞ ሄዶ ነበር። በመጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ወደ ፎቅ የሚያወጣ፣ የማርሽ ሳጥንና የገመድ መጠቅለያ ያለው ባለሞተር ማንሻ ይሠራል። ሥራው እንደ ተጀመረ መብራት ጠፋ። በዚያን ጊዜ ሦስት ኩንታል ያህል እህል በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሸክሙ ግን አልወረደም፤ ባለበት ቀረ። ሠራተኞቹም ነገሩን እንደ ተለመደ ቆጥረው ከሥሩ ገለል ብለው መጠባበቅ ጀመሩ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ መብራት የለም፤ ታዲያ ፍሬኑ በምን ኃይል ነው የያዘው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ለጠያቂው የዕውቀት በር፣ ለአስተማሪው ግን ወቀሳ ነበር። በዚያው ሳምንት አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሞተሩን በክብ፣ ፍሬኑን ከሞተሩ ጎን በአራት ማዕዘን ሥሎ፣ ከሥሩ «ኤሌክትሪክ ፍሬን» ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለቱም ከአንድ መስመር ኃይል ሲያገኙ በሥዕሉ ይታያል። ሠልጣኙ በትክክል ገልብጦታል። ከሥዕሉ ሊገኝ የሚችለውንም ብቸኛ ትርጉም አግኝቷል፤ ይኸውም ፍሬኑ እንደ ሞተሩ ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የተማሪው አለመስማት ሳይሆን የአስተማሪው አለማስተማር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቅራቢው በእጁ የገቡትን የሥልጠና ጽሑፎች በዚሁ ዓይን ተመልክቷቸዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ ሞተርን በቀጥታ ስለ ማስነሣት፣ በስታር ዴልታ ስለ ማስነሣት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለ ማዞር ገጽ በገጽ ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ሥዕሎቹም ጥሩዎች ናቸው፤ ሠልጣኙ የኮንታክተሮቹን ቅደም ተከተል በደንብ ይማርባቸዋል። ስለ ማቆም የሚነገረው ግን «ቀዩን ቁልፍ መጫን» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ፍሬኑ ከተነሣም እንደ ተጨማሪ ዕቃ በመጨረሻው ገጽ ይጠቀሳል።

2. ፍሬኑ የሚይዘው በሞላ ነው

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንደሚገባው ማየት ያስፈልጋል። በሞተሩ የኋላ ጫፍ፣ በአየር ማራገቢያው በኩል፣ በዘንጉ ላይ እንደ ጥርስ የተቀረጸ እምብርት ይገጠማል። በዚህ እምብርት ላይ በሁለት ፊቱ የፍሬን ሸራ የተለጠፈበት ዲስክ ይገባል፤ ዲስኩ ከዘንጉ ጋር ይዞራል። ከዲስኩ በአንድ በኩል የማይንቀሳቀስ የብረት ፊት አለ፤ በሌላው በኩል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚንቀሳቀስ የብረት ሳህን አለ። ከሳህኑ በስተኋላ ሞላዎች ተደርድረዋል። ሞላዎቹ ሳህኑን ወደ ዲስኩ ይገፋሉ፤ ዲስኩ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይጨመቃል፤ ዘንጉም ይያዛል። ለዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ለመልቀቅ ነው። ከሞላዎቹ ጋር በአንድ አካል ውስጥ ባለሙያዎች ኮይል የሚሉት የሽቦ ጥቅል ተቀምጧል። ጥቅሉ ኃይል ሲያገኝ ማግኔት ይሆናል፤ የሞላዎቹን ግፊት አሸንፎ ሳህኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ ዲስኩም ነጻ ይሆናል። ሳህኑ የሚጓዘው ርቀት እጅግ አጭር ነው፤ በብዙ ፍሬኖች ላይ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ፣ በማብሪያውም ይሁን በመብራት መጥፋት ወይም በሽቦ መበጠስ፣ ማግኔቱ ይከስማል፤ ሞላዎቹም ሥራቸውን ይሠራሉ።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ፍሬን ብልሽትን ራሱን የመያዣ ምክንያት አድርጎታል። ይህ አስተሳሰብ በሞተር ላይ የተጀመረ አይደለም። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው የመጀመሪያው የባቡር የአየር ፍሬን የሚይዘው አየር ወደ ፉርጎዎቹ ሲላክ ስለ ነበር፣ የአየሩ ቱቦ ቢበጠስ ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ባወጣው ሁለተኛው ዘዴ ነገሩን ገለበጠው፤ የቱቦው አየር ሲጎድል ፍሬኑ እንዲይዝ አደረገ። ከዚያ በፊትም ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 በኒው ዮርክ በተደረገ ትርኢት በአሳንሰር ላይ ቆሞ ገመዱን በሕዝብ ፊት ሲያስቆርጥ፣ አሳንሰሩን ያስያዘው በገመዱ ውጥረት ታፍኖ የቆየ ሞላ ነበር።

ለሰሜን ጎንደር ተማሪ ግን ኒው ዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ አየር እስኪሞላ ድረስ የሚጠብቀው ለምን እንደ ሆነ ረዳቱ ሁሉ ያውቃል። የመኪናው የማቆሚያ ፍሬን በሞላ የተያዘ ነው፤ የሚለቀው በአየር ነው። አየሩ ካልሞላ መኪናው አይንቀሳቀስም። በጠዳው ማንሻ ላይ ያለው ፍሬን የዚሁ ወንድም ነው፤ በአየር ፈንታ ኤሌክትሪክ ገብቷል። ተማሪው የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን አራት ማዕዘን መሣል የማስተማር ዘዴ ጉድለት ነው።

3. ስያሜው የሚያሳስት መሆኑ

በጽሑፎቻችን የተለመደው «ኤሌክትሪክ ፍሬን» የሚለው ስም ራሱ ለስሕተቱ በር ከፋች ነው። በቋንቋችን «የውሃ ወፍጮ» ስንል ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ ማለታችን ነው። «የእጅ ፍሬን» ስንል እጅ ስቦ የሚያስይዘው ፍሬን ማለታችን ነው። በዚሁ ሥርዓት «ኤሌክትሪክ ፍሬን» የተባለው ኤሌክትሪክ የሚያስይዘው ፍሬን መሆን አለበት። ሠልጣኙ በቋንቋው ሕግ ቢተረጉመው የሚያገኘው የእውነቱን ግልባጭ ነው።

ጉዳዩን የሚያከብደው፣ በእርግጥም ኤሌክትሪክ የሚያስይዘው የማቆሚያ ዘዴ መኖሩ ነው። ወደ ሞተሩ ጥምጥም ቀጥታ ኤሌክትሪክ በማስገባት የሚሽከረከር ሞተርን ማዘግየት ይቻላል። ይህ ዘዴ ግን ኃይል በሌለበት ምንም አያደርግም፤ የቆመን ሸክምም ይዞ ለማቆየት አያገለግልም። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ስም የሚጠራ መጽሐፍ ሠልጣኙን መንታ መንገድ ላይ አቁሞ ምልክቱን ነቅሎታል ማለት ነው። ስለዚህ «በሞላ የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ፍሬን» የሚለው ስም ቢረዝምም መሥራቱን በውስጡ ስለሚናገር ሊመረጥ ይገባዋል። ሹፌሮቻችን «ያዘ»፣ «ለቀቀ» የሚሉትን ግሦች አስቀድመው ሰጥተውናል፤ መማሪያውም በእነዚሁ ቢጻፍ ይበቃዋል።

4. በአተካከሉ ትምህርት የተዘለሉ ነገሮች

ሀ/ ስለ ምርጫ፦ ብዙዎቹ ጽሑፎች ፍሬኑ «ለሞተሩ ተስማሚ» እንዲሆን ያዝዛሉ እንጂ ተስማሚነቱ በምን እንደሚለካ አይናገሩም። ስሌቱ ግን ለማንኛውም ሠልጣኝ አይከብድም። የሞተሩን ኃይል በኪሎ ዋት ወስዶ በ9550 ማባዛትና በደቂቃ ለሚዞርበት ቁጥር ማካፈል ነው። ለምሳሌ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ያለውና በደቂቃ 1450 ጊዜ የሚዞር ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ 26 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ሸክም ለሚያንጠለጥል ሥራ የሞተሩን አንድ ጊዜ ተኩል ወይም እጥፍ ያህል የሚይዝ ፍሬን መምረጥ የተለመደ ስለሆነ፣ እጥፉ ቢወሰድ 53 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በአግድም ለሚንቀሳቀስ ማጓጓዣ ግን ከመጠን በላይ ኃይለኛ ፍሬን ዕቃውን ይጥላል፣ ማርሹንም ይጎዳል። እንግዲህ «ትልቅ ፍሬን ይሻላል» የሚለው የወርክሾፕ አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

በዚህ ረገድ ለደጋው አገር ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነጥብ አለ። በሞተሩ መለያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኃይል እንደ ልማዱ የተሰላው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዳም ከ1000 ሜትር እጅግ ከፍ ያለ ስፍራ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩንም ሆነ የፍሬኑን ጥቅል የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ይቀንሳል። በቆላ ወደብ ያለ ችግር የሚሠራ ሞተር በደጋ በዚያው ጭነት ሊግል ይችላል። ይህን ሳያነሣ የሚያልፍ የሥልጠና ጽሑፍ ለሌላ አገር የተጻፈ ያህል ነው።

ለ/ ስለ መግጠም፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሸክሙ መሬት መውረድ አለበት፤ ፍሬኑ ከተፈታ በኋላ ሸክሙን የሚይዝ ነገር አይኖርምና። ዋናው ማብሪያ ተዘግቶ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በሚሠራው ሰው ኪስ ይቀመጣል። ቀጥሎ እምብርቱ በዘንጉ ላይ ይገባል፤ ዲስኩ ይቀመጣል፤ የፍሬኑ አካል በቡሎኖቹ ይታሰራል። ቡሎኖቹ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ካልጠበቁ ሳህኑ ያዘነብላል። የአየር ክፍተቱም በፊለር ጌጅ ቢያንስ በሦስት ቦታ መለካት አለበት። በአንድ ቦታ ብቻ የለካ ሰው አልለካም። የፍሬን ሸራውን በዘይት ወይም በግራሶ በተነካ እጅ መያዝም ፍሬኑን ገና ሳይሠራ ማበላሸት ነው።

ክፍተቱ ከጊዜ ጋር እንደሚለዋወጥ በትምህርቱ ሊነገር ይገባል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ሳህኑ ከማግኔቱ እየራቀ ይሄዳል፤ የማግኔቱ ጉልበት ደግሞ በርቀት ፈጥኖ ይደክማል። አንድ ቀን ጥቅሉ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ከተያዘ ፍሬን ጋር ይታገላል፤ ያጉረመርማል፤ ብዙ አምፔር ይስባል፤ የጭነት መከላከያውም ያቋርጠዋል። ያልተማረ ባለሙያ መከላከያውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሞተሩም ይቃጠላል። የተማረው ግን አስቀድሞ «ፍሬኑ ለቀቀ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ሰዎች የለየው መሣሪያ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው።

ሐ/ ስለ ኤሌክትሪክ ግንኙነቱ፦ የብዙዎቹ ፍሬኖች ጥቅል የሚሠራው በቀጥታ ኤሌክትሪክ ስለሆነ በሞተሩ ሳጥን ውስጥ ሬክቲፋየር ይገጠማል። የሰሌዳው ሥዕላችን ሬክቲፋየሩን ጨርሶ ይዘለዋል። ነገር ግን አብዛኛው የመቃጠል አደጋ የሚደርሰው እዚሁ ነው። ግማሽ ሞገድ የሚያሳልፍ ሬክቲፋየር ከሚያገኘው ቮልት 0.45 ያህሉን፣ ሙሉ ሞገድ የሚያሳልፈው ደግሞ 0.9 ያህሉን ይሰጣል። በዚህ መሠረት ከ400 ቮልት በግማሽ ሞገድ 180 ቮልት፣ ከ230 ቮልት በግማሽ ሞገድ 103 ቮልት፣ በሙሉ ሞገድ 207 ቮልት ያህል ይገኛል። በላዩ 103 ቮልት የተጻፈበትን ጥቅል በሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር ከ230 ቮልት ጋር ያገናኘ ሰው እጥፍ ቮልት ሰጥቶታል፤ ሙቀቱም አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው 180 ቮልት የሚፈልገው ጥቅል 103 ቮልት ቢሰጠው የስበት ኃይሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ፍሬኑም ሳይለቅ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ የሚቋረጠው መስመር የትኛው ነው የሚለው ነው። ኃይሉ ከሬክቲፋየሩ በፊት ብቻ ሲቋረጥ በጥቅሉ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በሬክቲፋየሩ በኩል እየዞረ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ፍሬኑም ዘግይቶ ይይዛል። ከሬክቲፋየሩ በኋላ ባለው መስመር ላይ በኮንታክተሩ ረዳት መገናኛ ሲቋረጥ ግን ቶሎ ይይዛል። ልዩነቱ የሰከንድ ክፍልፋይ ቢሆንም በሸክም ሥራ ዋጋ አለው። በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ሸክም በሩብ ሰከንድ መዘግየት ፍጥነቱ ሳይጨምር እንኳ 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ሠራተኛ ጣቶች ውፍረት ከሚበቃው በላይ ነው። ሞተሩ በኢንቨርተር ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ኃይሉን ከሞተሩ ጫፍ መውሰድ የለበትም፤ በዚያ ያለው ቮልት ከፍጥነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ የራሱ የተለየ መስመር ያስፈልገዋል።

መ/ ስለ ፍተሻ፦ የትምህርቱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። በተለመደው አሠራር ሠልጣኙ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፤ ሞተሩ ከዞረ ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠርለታል። ይህ ፍተሻ የሚያረጋግጠው ፍሬኑ መልቀቁን ብቻ ነው። ፍሬኑ የተተከለው ግን እንዲይዝ ነው። ትክክለኛው ፍተሻ በሦስት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ለፍሬኑ ብቻ ኃይል ይሰጥና ሳህኑ ሲሳብ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይደመጣል፤ ቮልቱም ይለካል። ቀጥሎ ሞተሩ ያለ ጭነት ይነሣል፤ ይቆማልም። በመጨረሻ ሸክም ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይደረግና፣ ሰው ሁሉ ከገለል በኋላ፣ ዋናው ማብሪያ ይቋረጣል። ሸክሙ ባለበት ከቀረ ሠልጣኙ ሥራውን ሠርቷል፤ ከወረደ ግን ቀደም ሲል የሞተሩ መዞር የሰጠው ማርክ ከንቱ ነው።

በእጅ የሚለቀቅበት ማንሻ ያላቸው ፍሬኖች ሲፈተሹም ማንሻው ወደ ቦታው መመለሱ መታየት አለበት። ሥራ ለማፋጠን ሲባል ይህን ማንሻ በሽቦ አስሮ መተው በአንዳንድ የሥራ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። እንዲህ የታሰረ ፍሬን ስሙ ብቻ ፍሬን ነው።

5. ሊነሡ ስለሚችሉ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ በወርክሾፖቻችን ባለፍሬን ሞተር የለም የሚል ይሆናል። መቃወሚያው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። የትምህርቱን ፍሬ ነገር በተጣለ ኮንታክተር ማሳየት ይቻላል። ኮንታክተር ኃይል ሲያገኝ በማግኔት ይዘጋል፤ ኃይል ሲያጣ በሞላ ይከፈታል። 24 ቮልት የሚሠራ ጥቅል ያለው አሮጌ ኮንታክተር ከትራንስፎርመር ጋር ተገናኝቶ በባንኮ ላይ ቢቀመጥ፣ ሠልጣኙ በጣቱ እየነካ የሞላውን ግፊትና የማግኔቱን ስበት ይለያል። በተንቀሳቃሹ አካል ላይ ቁራጭ የፍሬን ሸራ ቢታሰር ደግሞ ትንሽ ፍሬን ይሆናል። ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚያውቀው ኮንታክተር ራሱ የፍሬኑ መምህር ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ የሥልጠናው ይዘት ብዙ ስለሆነ ለፍሬን የሚተርፍ ሰዓት የለም ይባላል። አቅራቢው የሚጠይቀው ግን ተጨማሪ ምዕራፍ ሳይሆን የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። ሞተርን ስለ ማስነሣት በሚሰጠው በእያንዳንዱ ትምህርት ውስጥ «አሁን መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢገባ የሚወስደው ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። መብራት መጥፋት በምንኖርበት አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዕለት ተዕለት የሥራ ሁኔታ ነው። እንደ እንግዳ ነገር የሚያየው ትምህርት ከተማሪው ኑሮ የራቀ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ መምህሩ ራሱ አልተማረውም የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከነዚህ መምህራን አንዱ ነበር። ሆኖም የሙያ ትምህርት በአገራችን የትናንት አይደለም። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋሙ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ያልተማሩትን ከሠልጣኞቻቸው ጋር በወርክሾፕ ውስጥ መማራቸው የማይቀር ነበር። መምህር ሳያውቅ መቅረቱ አያሳፍርም፤ ሠልጣኙ ጠይቆት በአራት ማዕዘን ሥዕል ማለፉ ግን ያሳፍራል።

6. የማሻሻያ አሳቦች

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃ በደረጃ ወደ ብቃት ምዘና አዘንብሏል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም ዘርፉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሆኗል። የብቃት ምዘና መሠረቱ ሠልጣኙ የሚያውቀውን ከመጠየቅ ይልቅ መሥራት የሚችለውን ማየት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት አሳቦች ከዚሁ ዓላማ የራቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ ፍሬኑ በሙሉ ስሙ ይጠራ፤ ሥዕሉም ሞላውን፣ ጥቅሉንና ሬክቲፋየሩን ለይቶ ያሳይ።

ሁለተኛ፣ በተግባር ምዘና ላይ ኃይል በማቋረጥ የሚደረግ ፍተሻ ይጨመር። መዛኙ ሠልጣኙ ሳያውቅ ዋናውን ማብሪያ ያቋርጥና ሸክሙ ምን እንደሚሆን አብረው ይመልከቱ። ሠልጣኙም ያየውን በራሱ አነጋገር ያስረዳ።

ሦስተኛ፣ ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ሲሄዱ ከሚሞሉት መዝገብ ውስጥ አንድ ዓምድ ለማቆሚያ መሣሪያዎች ይመደብ። ይኸውም ምን ዓይነት ፍሬን እንዳለ፣ ክፍተቱ መቼ እንደ ተለካ፣ ሸራው መቼ እንደ ተለወጠ የሚጻፍበት ነው። በዚህ መንገድ ሠልጣኙ ሲማር ድርጅቱም የራሱን ጉድለት ያያል።

አራተኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ስለ እንቅስቃሴ ኃይል ሲነገር የፍሬን ምሳሌ ይግባ። የሚሽከረከር አካል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን የተማረ ልጅ፣ የፍሬን ሸራ ለምን እንደሚቃጠል ወደ ማሠልጠኛ ሳይገባ ያውቃል።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ሂስ በአንድ አነስተኛ መሣሪያ ላይ ያተኮረ ይምሰል እንጂ ጉዳዩ ሰፋ ያለ ነው። አንድ ባለሙያ ሞተር ማስነሣቱ ምርት ያስገኛል፤ በሚገባ ማቆሙ ግን የሰው እጅና እግር ያድናል። በትምህርታችን ለመጀመሪያው የሰጠነውን ያህል ቦታ ለሁለተኛው አልሰጠንም። ጉድለቱ ከዕቃ ማነስ ይልቅ ከአስተሳሰብ የመነጨ ነው፤ ሥራው ሁሉ እንደ ታቀደ የሚሄድበትን ሰዓት እያሰብን ስላስተማርን ነው።

የጠዳው ሠልጣኝ ለጥያቄው መልስ ያገኘው በማግስቱ ነው። አሮጌው ኮንታክተር በባንኮ ላይ ተቀምጦ ኃይሉ ሲቋረጥ ሞላው በጣቱ ሥር ተመልሶ ሲመታው፣ «ለካ የሚይዘውስ ሁልጊዜ ይዞ ነው፤ እኛ ነን የምናስለቅቀው» አለ። ከመማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ይህን ያህል በግልጽ የተናገረ አንድም ገጽ አቅራቢው አላገኘም። መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ቀጣዩን የሞተር ትምህርት ሲያዘጋጁ ከዚህ የሠልጣኝ ዐረፍተ ነገር ቢጀምሩ የተሻለ ይሆናል።